ሁለተኛ ላይ የቀረው ካምቢዮ

የአሕመድኑር ፒካፕ አራት ማርሽ ብቻ ነበራት። ዕድሜዋ ከብዙዎቹ ተሳፋሪዎቿ ይበልጣል። ቀለሟ አረንጓዴ ነው፤ የጭነት ሳጥኗ ጎን ላይ ግን አረንጓዴው ተላጦ ሥሩ ያለው ግራጫ ብቅ ብሏል። መካነ ሰላም ገበያ ላይ ቆሞ «አሕመድኑር የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጆሮ የሌለው ነው። ሜዳውን በአራተኛ፣ ቁልቁለቱን በሁለተኛ፣ ስትጮህ መጥታ ስትጮህ ትሄዳለች። ሰውየው ሞተር ማጥፋት አይወድም። ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ እንኳ አያጠፋም።

ወጣት ሾፌሮች ይቀልዱበታል። ናፍጣ በሰልፍ በሚገኝበት ዘመን የቆመ መኪና የሚያስጮህ ሰው ወይ ገንዘብ ተርፎታል ወይ ጂኒ ይዞታል ይሉታል። እሱ አይቀየምም። ጸጥ ያለ መኪና አልወድም ብሎ ያልፋቸዋል። ከሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ሠላሳ ሦስቱን መሪ ላይ የኖረ ሰው ነው፤ ማን ሊከራከረው! መንጃ ፈቃድ ለሚያወጡ ልጆች ምክር ስጥልን ተብሎ ሲጠራም ቃሉ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚወረደው፣ ፎሌ የሸይጧን ማርሽ ናት። ፎሌ ማለት ማርሹን ነቅሎ መኪናን ለቁልቁለቱ መተው ነው። ናፍጣ ይተርፋል፣ ሞተሩ ዝም ይላል፣ ፍሬን ብቻውን ይቀራል።

እንዲህ ያለው ጥንቁቅ ሰው ጉም ባለበት ቀን የቆቅ ውሃን ቁልቁለት አይወርድም ነበር። ቆቅ ውሃ ከደጋው ጫፍ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ ነው፤ በአንድ ወገኑ አለት፣ በሌላው ወገኑ ገደል። ክረምት ላይ ጉሙ ከበረሃው ተነስቶ መንገዱን ሲውጠው ሰው የገዛ ኮፈኑን አያይም። እርግጥ ነው፣ ሌላውም ሾፌር ይፈራዋል። ቢተው የሚባል ሾፌር እዚያ ገደል ከገባ ወዲህ ጉም ሲወርድ ድምፅ የሌላት መኪና ከኋላ ትመጣለች ይባላል። መብራት የላትም። ጎማዋ ጠጠር ሲረግጥ አይሰማም። ድንገት መስታወት ውስጥ ትታያለች፣ ታልፋለች፣ ኩርባው ጋ ስትደርስ የለችም።

ቢተው ነው ይላል አገሩ፤ አሁንም በፎሌ እየወረደ ነው፣ ነፍሱ አላረፈችም። ሙስሊሙ ፋቲሓ ይቀራል፣ ክርስቲያኑ ያማትባል፣ ሁለቱም ወደ አለቱ ይጠጋሉ። አንድ ነገር ግን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረም። የቢተው ፒካፕ ቀይ ነበረች። ያቺን መኪና አየን ያሉት ሁሉ ግራጫ ናት ነው የሚሉት። ጉም ውስጥ ምን ግራጫ ያልሆነ አለ ብለው ይተዉታል።

አደጋው የደረሰው ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በነሐሴ ነው። ቢተው ሁለት ሰዎች አሳፍሮ ሲወርድ ኩርባው ላይ ገደል ገባ። ሦስቱም አልተረፉም። አንደኛው ተሳፋሪ የኸዲጃ ባል ነበር፤ ሌላው የብዙአየሁ ልጅ፣ ሊዳር ሁለት ሳምንት የቀረው። የዚያን ዕለት ማዶ ጤፍ ሲያርም የነበረ አንድ ገበሬ በጉሙ ምክንያት ምንም አላየም፤ ጆሮው ግን ሰምቷል። አንዲት መኪና እያጓራች ወረደች አለ፤ ወዲያው ሌላ መኪና ደግሞ ጎማዋ ብቻ እየተሰማ፣ ሞተሯ ዝም ብሎ ወረደች።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። በዚያ ሰዓት የወረዱት የቢተውና የአሕመድኑር መኪኖች ናቸው፤ ሌላ የለም። ቢተው አይጠየቅም። አሕመድኑር ተጠየቀ። «እኔ በሁለተኛ ማርሽ ነበርኩ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ከዚህ በኋላ ነገሩ ተቆረጠ፤ ቢተው ትንሽ ናፍጣ ልቆጥብ ብሎ የሰው ነፍስ አጠፋ ተባለ።

ደም ያለበት ሰው ይቅርታ ሲለምን አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ይሄዳል። ደጃፍ ላይ ያጎነብሳል፤ ባለደሙ «ይቅር ብያለሁ» ሲል ድንጋዩን ከአንገቱ ላይ ያነሱለታል። ቢተው ሙት ስለሆነ ድንጋዩን ሚስቱ፣ የዓለምዘርፍ፣ ተሸከመችው። ባሏን በቀበረች በአርባኛው ቀን ወደ ኸዲጃ ቤት፣ ከዚያ ወደ ብዙአየሁ ቤት ሄደች። ይቅር አሏት፤ የወሎ ሰው ነው፣ ይቅር አለ። በሁለቱም ደጃፍ ድንጋዩን ከአንገቷ ያነሳላት ከሽማግሌዎቹ ጋር የቆመው አሕመድኑር ነበር። ክብደቱን እጁ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ካምቢዮው፣ ማርሾቹን ወደያዘው ሳጥን፣ እንምጣ። ባለፈው ሐምሌ አሕመድኑር ከወረኢሉ ስንዴ ጭኖ ሲመለስ፣ ደጎሎን አልፎ ብዙም ሳይርቅ፣ ከእግሩ ሥር የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸና ሁሉም ማርሽ ባዶ ሆነ። መኪናዋ በሌላ መኪና ተጎትታ መካነ ሰላም፣ መዝገቡ ጋራዥ ገባች። መዝገቡ በልጅነቱ ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ነው። ትምህርቱን ትቶ መፍቻ ቢይዝም ዜማው አልለቀቀውም፤ መኪና ሥር ተኝቶም ያንጎራጉራል። ብረት በበየደ ቁጥር ደግሞ ብየዳው ሳይቀዘቅዝ ጫፉ ላይ ትንሽ መስቀል ያትምበታል። ሰው «ለበረከት ነው?» ሲለው፣ «ሲሰበር የማን ሥራ እንደሆነ እንዲታወቅ ነው» ይላል።

አሮጌውን ካምቢዮ ፈትቶ የማርሽ ጥርሶቹን በመዳፉ ዘገነና ለአሕመድኑር አሳየው። መጠገን የሚባል ነገር የለም፣ ሌላ መግዛት ነው። ያን ጊዜ ምርጫው መጣ። ደሴ ባለ አምስት ማርሽ ቀላል ካምቢዮ አለ፤ ያብረቀርቃል፣ ማርሹ በሁለት ጣት ይገባል፣ ለከተማ ሰው የተሠራ ነው። ከባዱ ዓይነት ደግሞ አለ፤ ሽፋኑ ወፍራም ብረት፣ ለጭነት የታሰበ፣ እሱም አምስት ማርሽ ያለው። ይኼኛው እንደ ደህና ባል በቀላሉ አይገኝም አለ መዝገቡ።

አሕመድኑርን የማረከችው አምስተኛዋ ማርሽ ናት። ከደጎሎ እስከ ወረኢሉ ባለው ሜዳ አሮጊቷ በአራተኛ ስታለቅስ ዕድሜዋ አለቀ፤ አምስተኛ ብትኖራት ሞተሯ ያርፋል፣ ናፍጣም ይተርፋል። መዝገቡ ሳቀበት። ሰው ሁሉ ካምቢዮ ሲገዛ አምስተኛዋን እንደሚያይ፣ ካምቢዮ የሚመረጠው ግን በሁለተኛዋ እንደሆነ ነገረው። ስንዴ ጭነው ቆቅ ውሃን ሲወርዱ ሞተሩን አንቆ የሚይዝልዎ ሁለተኛው ነው፤ የቀላሉ ካምቢዮ ሁለተኛ ማርሽ አንድ ክረምት አይሻገርም። ይህን ለሰው ሁሉ የሚያስተምር ሰው እንዴት ይጠፋዋል? አሕመድኑር አፍሮ፣ ከባዱን ፈልግልኝ አለው።

በሳምንቱ ከደጎሎ አንድ ብረት ነጋዴ ከባዱን ዓይነት በማዳበሪያ ጠቅልሎ ላከ። ጭቃና አሮጌ ዘይት አንድ ላይ ደርቀውበት አፈር ያለበሱት ይመስላል። አውርደው ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። መዝገቡ የፊተኛውን ዘንግ በእጁ ሲያዞረው የኋለኛው ተከትሎ ቀስ እያለ ዞረ። አንድ ማርሽ ላይ እንደገባ ነው። ቆጠረና፣ ሁለተኛ ላይ ነው አለ። በክዳኑ ቀዳዳ ዘንግ ሰዶ ወደ ፎሌ መለሰው። የፊተኛው ሲዞር የኋለኛው ዝም አለ። ደህና ነው፣ ነገ ከፍተን እናያለን ብለው ተለያዩ።

ጠዋት አሕመድኑር ቀድሞ ደረሰ። ካፊያ ነበረ። ለነገሩ ብሎ የፊተኛውን ዘንግ አዞረው፤ የኋለኛው ቀስ ብሎ ተከተለው። ሁለተኛ ላይ ነው። ጋራዡ ሌሊቱን ተቆልፎ ነው ያደረው፣ ቁልፉም መዝገቡ ጋ ነው። መዝገቡ መጥቶ እንደገና ወደ ፎሌ አወጣው። ዘወር ብለው ፍሪሲዮኑን ሲያዩ ቆይተው ሲመለሱ ካምቢዮው ውስጥ ብረት «ቀጭ» አለ። ማንም አልነካውም። መዝገቡ ውስጡ የተጣመመ ነገር አለ፣ እየገፋ ይመልሰዋል አለ። ይሆናል፤ የመካኒክ ነገር ምክንያት አያጣም። አሕመድኑር ግን እጁን ከብረቱ ላይ ፈጥኖ አነሳ። ብረቱ ቀዝቃዛ መሆን ሲገባው ለብ ያለ መሰለው፤ ፈራ።

መቼም ከዚህ በላይ ማድበስበስ ነውር ነው። በዚያ ነሐሴ በፎሌ የወረደው አሕመድኑር ነው። ሞተሩንም አጥፍቶ ነበር። ናፍጣ ጠፍቶ ነበር፣ ሁሉም ያደርገው ነበር፣ እሱም ስንት ጊዜ አድርጎት ምንም አልሆነም። የዚያን ቀን ግን ፍሬኑ ግሎ ላላና ሲረግጠው ወለሉ ድረስ ወረደለት። መኪናዋ ጉሙን እየሰነጠቀች ፍጥነት ስትጨምር፣ ኩርባው ላይ የቢተው ቀይ ፒካፕ ብቅ አለች፤ በሁለተኛ እያጓራች፣ ቀስ እያለች፣ መንገዱን ሞልታ። ከኋላ የሚመጣ መኪና ድምፅ ስላልነበረው ቢተው አልሰማም። በመስታወት ሲያየው ለማሰብ ጊዜ አልነበረም። ወደ ገደሉ ጫፍ ተጠጋና የአለቱን በኩል ለቀቀለት። አሕመድኑር በመሃል አለፈ። ሲያልፍ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ ቢተው እጁን አንስቶ፣ እለፍ፣ አለው። ከዚያ በዝናብ የራሰው ጫፍ ከነመኪናው ተናደ።

አሕመድኑርን ከኩርባው በታች ያለ አቀበት አቁሞ አተረፈው። ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁት ሊናገር ነበር የሄደው። አፉ ሌላ ቃል አወጣ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሱ እያደር ከበደ። በወሩ ግራጫዋን መኪና አረንጓዴ አስቀባት። ሞተር ማጥፋት ተወ። ልጆችን በሁለተኛ ውረዱ እያለ መምከር ጀመረ፤ ሰው ጻድቅ አደረገው። ከሦስት ክረምት በፊት ቆቅ ውሃ ላይ ጉም ድንገት ያዘው። በሁለተኛ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ ቀስ ብሎ ሲወርድ መስታወቱ ውስጥ አንዲት ግራጫ ፒካፕ አየ። ድምፅ አልነበራትም። ሳያስበው ወደ ገደሉ ጫፍ ተጠጋላት። ስታልፍ ሾፌሩ ዞሮ አየው። ቢተው አልነበረም። ጺሙ ገና ያልሸበተ አሕመድኑር ነበር። እጁ ሳያዘው ተነሳና፣ እለፍ፣ አለው። ይህን ለሚስቱም አልነገራትም።

እንግዲህ ያን ሁሉ የተሸከመ ሰው ነው ካምቢዮው ፊት የቆመው። መዝገቡ በናፍጣ የራሰ ጨርቅ ይዞ ጭቃውን ሲያጥብ እያንጎራጎረ ነበር፤ መሃል ላይ ዜማው ተቋረጠ። የካምቢዮው ጆሮ፣ ብሎን የሚገባበት በኩል፣ አንድ ጊዜ ተሰንጥቆ ተበይዷል። ብየዳው ጫፍ ላይ ትንሽ መስቀል አለ። መዝገቡ በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

የበየደው ራሱ ነው። ለማን እንደበየደው ለማስታወስም ብዙ አልፈጀበትም፤ በዚህ አገር ይህን ዓይነት ካምቢዮ የነበረው ሰው አንድ ነው። ስልኩን አውጥቶ ደጎሎ ያለውን ብረት ነጋዴ ጠየቀ። ሰውየው አልደበቀም። ከቆቅ ውሃ ገደል ነው ያወጣው። የሟቹ ሚስት ውሰደው ብላ ስትፈቅድለት አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቃዋለች፤ ብረቱ በመካነ ሰላም እንዳያልፍ፣ ዓይኗ እንዳያየው። እሱም ቃሏን አክብሮ ዞሮ ደጎሎ አደረሰው። ዓመት ሙሉ ገዢ አጣ። ሲገኝ ጊዜ ገዢው ከመካነ ሰላም ሆነ፤ ምን ያድርግ?

አሕመድኑር ሁሉንም ሰማ። ልሂድ፣ ሌላ ቀን እንከፍተዋለን ሊል አሰበ፤ መፍቻው ቀደመው። መዝገቡ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትቶ ክዳኑን አነሳ። ውስጡ ንጹሕ ነበር። ስምንት ዓመት ገደል ውስጥ ዝናብ ሲወርድበት የኖረ ብረት፣ ዘይቱ አልደረቀም። ማርሽ የሚያስገባው ሹካ ከነዘንጉ ተጣሟል፤ ሁለተኛውን ማርሽ እንደያዘ።

መዝገቡ የተጣመመውን በጣቱ ተከተለው። ከዚያ፣ «ጋሼ፣ ይኼን ይመልከቱ» አለ። «መኪናዋ ስትወድቅ ነው የተጣመመው። በፎሌ ወርዶ ቢሆን ሹካው መሃል ላይ ነበር የሚቀረው። ቢተው በሁለተኛ ነው የወረደው።»

«አዎ» አለ አሕመድኑር።

መዝገቡን መጀመሪያ የቀደመው ደስታው ነበር። ቢተው ጓደኛው ነበር፤ ናፍጣ ቆጣቢ፣ ነፍሰ ገዳይ እየተባለ ሲነሳ ስንት ጊዜ አንገቱን ደፍቷል። ለየዓለምዘርፍ አሁኑኑ እነግራታለሁ አለ። ከዚያ ሐሳቡ አንድ እርምጃ ሄደና ቆመ። ገበሬው የሰማት ዝም ያለች መኪናስ? ጥያቄውን ለብረቱ እንጂ ለሰውየው አልተናገረውም። ቀና ሲል ዓይኑ የአረንጓዴዋ ፒካፕ ጎን ላይ፣ ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ላይ አረፈ። መልሶ ዓይኑን ሰበረ።

ቀጥሎ የተናገረው ነገር ለምሕረት ይሁን ለፈተና እስከ ዛሬ አይታወቅም። «ሹካውን በእሳት አሙቄ ላቃናው እችላለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ከተቃና እንደማንኛውም ካምቢዮ ነው። ማንም ምንም አያይበትም። እርስዎ እንደወደዱ።»

አሕመድኑር ካምቢዮው ያስፈልገዋል። ያለ እሱ መኪናዋ የዶሮ ቤት ናት፣ ያለ መኪናዋ እሱ ማን ነው? መዝገቡ አፉን እንደሚይዝ ያውቃል። ትንሽ እሳት፣ ሁለት ሦስት መዶሻ፣ ከዚያ በኋላ በምድር ላይ የቢተው ምስክር አይኖርም። አምስተኛ ማርሽ ይኖረዋል። በደጎሎ ሜዳ ሞተሩ ያርፋል። ይህን ሁሉ አሰበ፤ ማሰቡን ደብቆ ማቅረብ አይገባም። ከዚያ ያ ግራጫ መኪና ውስጥ የነበረው ፊት ትዝ አለው። ካምቢዮው ቢቃናም ያ ሰውዬ ከቆቅ ውሃ መንገድ አይጠፋለትም።

«አታቃናው» አለ። «ፍታና ስጠኝ።»

ሹካውን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ዙሪያውን አየና ጎንበስ ብሎ ከፒካፗ የኋላ ጎማ ሥር የተወተፈውን ድንጋይ መንቀል ጀመረ። መዝገቡ፣ ጋሼ ይተዉ፣ ካምቢዮ የላትም፣ ትሄዳለች አለው። አልሰማም። ድንጋዩን ነቅሎ አንገቱ ላይ አስቀመጠው። መኪናዋ ባዶዋን፣ ሞተሯ ጠፍቶ፣ ሾፌር ሳይኖራት፣ የጋራዡን ዘመም መሬት ይዛ ተንሸራተተች። ምንም ድምፅ አልነበራትም። በአጠገቡ አልፋ አጥሩ ላይ ስትደገፍ ጭራሮው እንኳ አልተሰበረም። መዝገቡ አማተበ። አሕመድኑር ወደ በሩ ሄደ።

ድንጋይ የተሸከመ ሰው ብቻውን አይሄድም፤ መዝገቡ እጁን ታጥቦ ተከተለው። የገበያ ቀን ነበር። ካፊያው ቢኖርም ሰው ሞልቷል። ሽማግሌ ሳያጅበው፣ አገር የሚያከብረው ሾፌር ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ ሲያልፍ የተቀመጠው ተነሳ፣ የሚከራከረው ዝም አለ። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ የለም። ያ ሁሉ ገበያ ጸጥ ሲል አሕመድኑር እርምጃውን አፈጠነ፤ ጸጥታ አይችልም።

የዓለምዘርፍ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ድንጋዩን ስታይ ሰፌዱን አስቀምጣ ብድግ አለች። ይህን ሰው ታከብረዋለች፤ በክፉ ቀኗ ሸክሟን ያነሳላት እሱ ነው። አጎንብሶ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ምነው ጋሼ? የማን ደም ይዘው መጡ?» አለችው።

«የቢተው።»

«ቢተውማ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ!»

«በፎሌ የወረድኩት እኔ ነኝ። እሱ በሁለተኛ ነበር። መንገድ ሲለቅልኝ ነው የሞተው።»

መናገር የቻለው ይህን ብቻ ነው። የቀረውን መዝገቡ ነገራት። ሹካውን ከአሕመድኑር ኪስ አውጥቶ አሳያት፣ የራሱን ብየዳ፣ ካምቢዮው የመጣበትን መንገድ ነገራት። ሴትዮዋ ብረቱን ተቀብላ አገላብጣ አየችው፣ ከማርሽ ምን እንደምታውቅ እግዜር ይወቅ፤ ግን ከእጇ አላወጣችውም። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጠየቀች። መንገድ ሲለቅ ምን አለ?

«እጁን አነሳና፣ እለፍ አለኝ» አለ አሕመድኑር።

ያን ጊዜ አለቀሰች። አዎ፣ እሱ ነው፣ ለበግም ቆሞ መንገድ ይሰጥ ነበር አለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባሏን ስትቆጣው ኖራለች፤ ለጥቂት ናፍጣ ልጆቼን ያለ አባት አስቀረህ እያለች፣ መቃብሩ ላይ ሳይቀር። አሁን ያን ቁጣ የምታደርስበት ቦታ አጣች። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ አብሳ ወደ አሕመድኑር ቀረበች። መዳፏን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች። እሱም እንድታነሳለት አንገቱን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። እጇ ድንጋዩ ላይ ቆየ፤ ከዚያ ተመለሰ።

«አላነሳውም» አለች። እርስዎ ማለቷንም ተወች። «እኔ ይኼንን ሁለት ቤት ተሸክሜዋለሁ። አንተም ትሸከመዋለህ። መጀመሪያ ኸዲጃ ደጃፍ፣ ከዚያ ብዙአየሁ ደጃፍ ቁም። የቢተውን ስም በየደጃፉ ጥራው፣ ንጹሕ ነው በል። ከዚያ ና፤ አነሳልሃለሁ።»

አሕመድኑር ድንጋዩን አስተካክሎ ወጣ። የኸዲጃ ቤት ከከተማው ወዲያ፣ ቆቅ ውሃ አፋፍ ላይ ነው። ጉሙ ከበረሃው ተነስቶ መንገዱን ይዟል። ዘጠኝ ዓመት በመስታወት ወደ ኋላ ሲያይ የኖረ ሰው ዛሬ መዞር አልቻለም፤ ድንጋዩ አንገቱን ይዞታል። ከፊቱ ሁለት ክንድ መንገድ ብቻ ይታየዋል። ጎኑን ይዞ የሚሄደው መዝገቡ ግን አፋፉ ጋ ሲደርሱ ዞር ብሎ አየ። ፈጥኖ ወደ አለቱ ተጠጋ።

«መጣ እንዴ?» አለው አሕመድኑር።

መዝገቡ አማተበ።

«እለፍ በለው» አለ አሕመድኑር፣ መራመዱን ሳያቋርጥ። «እኔ ወደ ኸዲጃ ቤት ነኝ።»